የኮሪያ ታሪካዊ ድራማ ከየትኛው ይጀመራል? ታሪኩን ብዙ ያላጣመመ

ሰሎሜ_ቀ

ሰላም ለቤቱ። ቱርኮቹን የሱልጣንና የጎሳ ድራማዎች ጨርሼ ወደ ኮሪያ ልሻገር ነው። የዘመኑን የፍቅር ድራማ ሳይሆን የነገሥታቱን ነው የምፈልገው። ዝርዝሩን ስከፍተው ግን አንዱ 24 ክፍል፣ አንዱ 50፣ አንዱ 81፣ አንዱ ጭራሽ 104። የቱን አስቀድሜ የቱን ላስከትል?

ሰዎቹ በእርግጥ የነበሩ፣ ታሪኩም ብዙ ያልተጣመመ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከእናቴ ጋር ስለምናይ አሳፋሪ ነገር ባይበዛበት። በአማርኛ ካልተገኘ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ይበቃናል። የምናየው በሞባይል ዳታ ስለሆነ ስንት እንደሚበላም የምታውቁ ንገሩኝ። በቀን ከአንድ ክፍል በላይ አንችልም።

ባሕረ_ሐሳብ

ሰላም ሰሎሜ። ከመምረጥሽ በፊት ሁለት ዓይነት መኖሩን እወቂ። ኮሪያውያን ታሪካዊ ድራማን በጅምላ ሳጉክ ይሉታል። አንደኛው ዓይነት ንጉሡ፣ ሹማምንቱ፣ ጦርነቱ ከመዝገብ የተቀዳ ነው፤ ይህን አዘውትሮ የሚሠራው የሕዝብ ጣቢያው ኬቢኤስ ነው። ሁለተኛው ፊውዥን የሚሉት ነው፤ ቤተ መንግሥቱና ልብሱ የጥንት፣ ሰዎቹ ግን በአብዛኛው ፈጠራ። ፖስተሩ ላይ የትኛው እንደሆነ አይጻፍም፤ ግን የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ይታወቃል። አዲስ ሹም ብቅ ባለ ቁጥር ከጎኑ ስሙና ማዕረጉ በጽሑፍ ከወጣ አንደኛው ዓይነት ነው። ዋናው ጎረምሳ ፀጉሩን ትከሻው ላይ ለቆ ገበያ ለገበያ የሚዞር ከሆነ ፊውዥን ነው። በጆሶን ሥርወ መንግሥት ዘመን ያገባ ወንድ ፀጉሩን አናቱ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚያስረው፤ ጨዋ ከሆነም በላዩ ከፈረስ ጭራና ከቀርከሃ የተሠራውን ጥቁር ባርኔጣ ይደፋል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ድራማዎቹ በተሠሩበት ዓመት ሳይሆን በታሪኩ ዘመን እዪ። የኮሪያ ተመልካች ማን ማንን እንደገደለ በትምህርት ቤት ስለተማረ ድራማው አያስረዳውም፤ ከመሃል የገባ የውጭ ሰው ግን የአያትየውን በደል ሳያውቅ የልጅ ልጅየውን ቂም ይመለከታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስለዚህ ከ«ሲክስ ፍላይንግ ድራጎንስ» ጀምሪ፤ የኤስቢኤስ ጣቢያ፣ ከ2015 እስከ 2016፣ 50 ክፍል። የጎርዮ መንግሥት ሲወድቅና ጆሶን በ1392 ሲመሠረት ያለውን ነው የሚያሳየው። ጄኔራል ዪ ሶንግጌ በ1388 ቻይናን እንዲወጋ የተላከውን ጦር ከዊህዋ ደሴት መልሶ በገዛ ንጉሡ ላይ አዞረው። ከጀርባው ያለው ጭንቅላት ጆንግ ዶ-ጆን ነው፤ ንጉሥ ዙፋን ላይ ይቀመጥ፣ አገር የሚያስተዳድሩት ግን የተማሩ ሹማምንት ይሁኑ የሚል። አምስተኛው ልጅ ዪ ባንግ-ወን ደግሞ ለአባቱ ዙፋን እጁን በደም ነክሮ ሲያበቃ፣ አልጋ ወራሽነቱ ለታናሹ ለእንጀራ ወንድሙ ተሰጠበት። በ1398 ጆንግ ዶ-ጆንንም ሁለቱን የእንጀራ እናቱን ልጆችም ፈጃቸው። ድራማው 50 ክፍል የሚፈጀው ይህ ወጣት ያን ለማድረግ እንዴት እንደደረሰ ለማሳየት ነው፤ ክፉ ሆኖ አይጀምርም። ከስድስቱ «ዘንዶዎች» ሦስቱ አባት፣ ልጅና ጆንግ ዶ-ጆን ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ (ሁለቱ ሰይፈኞችና የገጠሯ ልጅ) ፈጠራ ናቸው። ይህን ከያዝሽ ታሪኩ አይምታታብሽም።

ቀጥሎ «ትሪ ዊዝ ዲፕ ሩትስ»፣ ኤስቢኤስ 2011፣ 24 ክፍል። ደራሲዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ቀድሞ የተሠራው ይሄኛው ቢሆንም ታሪኩ የሚቀጥል ነው። ንጉሡ የባንግ-ወን ልጅ ሴጆንግ ነው፣ ነገሩም የኮሪያ ፊደል አፈጣጠር። ፊደሉ በ1443 አልቆ በ1446 በአዋጅ የወጣው፣ 28 ሆሄያት የነበሩት፣ እነ ቼ ማን-ሪ የተባሉ የቤተ መንግሥት ሊቃውንትም በ1444 የተቃውሞ ደብዳቤ ያስገቡበት እውነት ነው። በቤተ መንግሥት የሚካሄደው ተከታታይ ግድያና «ሚልቦን» የተባለው ሥውር ማኅበር ግን የደራሲዎቹ ነው። ሴጆንግን የሚጫወተው ሃን ሱክ-ክዩ ነው፤ እንደ ባላገር እየተሳደበ የሚያስብ ንጉሥ አድርጎታል። ከሁሉም ድራማዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ለዝርዝር ጉዳይ ግድ የሚልሽ ከሆነ ደግሞ «ሲክስ ፍላይንግ ድራጎንስ»ን ትተሽ በምትኩ የኬቢኤስን «ጆንግ ዶ-ጆን» (2014፣ 50 ክፍል) እዪ። ዘመኑም ሰዎቹም አንድ ናቸው፤ ፈጠራው እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው የሚውሉት፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ክፍሎች ለመዝለቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰይፍ ለመጠበቅ የገባ ሰው አምስተኛው ላይ ያቆማል።

ይህን ያህል ዝርዝር ከየት አመጡት ካልሽ፣ ከሲሎክ ነው፤ የጆሶን ነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ከ1392 እስከ 1863 ያሉትን 25 ነገሥታት የያዘ። የኛ ዜና መዋዕል ብዙ ጊዜ በንጉሡ ትእዛዝ በጸሐፌ ትእዛዙ የሚጻፍ ነው። የጆሶን ንጉሥ ግን ስለ ራሱ የሚጻፈውን ማየት አይፈቀድለትም፤ መጽሐፉ የሚጠናቀረውም እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሴጆንግ የአባቱን መዝገብ ለማየት ፈልጎ ሹማምንቱ ከልክለውታል። አባትየው ባንግ-ወን ነግሦ ሳለ በ1404 አደን ላይ ከፈረስ ወደቀና ሲነሣ «ጸሐፊው እንዳያውቅ» አለ፤ ጸሐፊው መውደቁንም፣ እንዳያውቅ ማለቱንም ጽፎታል። ድራማው ላይ ጥግ ይዞ ቀና ሳይል የሚጽፍ ሰው ስታዪ እሱ ነው።

የጓዳ_ሰው

ባሕረ ሐሳብ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ከእናትሽ ጋር ከሆነ በግልበጣ ፖለቲካ አትጀምሪ እህቴ። «ዴ ጃንግ ጉም»ን አስቀድሚ፤ በውጭ «ጄወል ኢን ዘ ፓላስ» ተብሎ የሚታወቀው። ኤምቢሲ፣ ከ2003 እስከ 2004፣ 54 ክፍል። እናትና ልጅ አብረው ሊያዩት የሚችሉት ነው።

ግማሽ ያህሉ በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ የቀረው ጃንግ-ጉም ሐኪም ለመሆን ስትማርና የንጉሥ ሐኪም ስትሆን። ሰው የሚያቋርጠው 27ኛና 28ኛ ክፍል አካባቢ ነው፣ ወደ ጄጁ ደሴት ስትጋዝ። የለመድሻቸው ሰዎች በአንዴ ይጠፋሉ፣ አዲስ ትምህርት ከዜሮ ይጀመራል፤ ሦስት አራት ክፍል ታገሺ፣ መልሶ ይይዝሻል።

እውነቱ ምን ያህል ነው ላልሽው፣ ጃንግ-ጉም ነበረች። ሲሎክ ውስጥ በንጉሥ ጁንግጆንግ ዘመን (ከ1506 እስከ 1544) በጥቂት ቦታ ተጠቅሳለች፤ ንጉሡ ሊሞት ሰሞን ሕመሙን ሴቷ ሐኪም እንደምታውቀው መናገሩም ተመዝግቧል። ወጥ ቤት መሥራቷን፣ ልጅነቷን፣ ጠላቶቿን መዝገቡ አያውቅም። ሌላው ደግሞ የጆሶን ቤተ መንግሥት የዕለት ተዕለት ምግብ አብሳዮች በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ድራማው ለሴቶች የሰጠው ታሪኩ እንዲያምር ነው፤ አምሮለታልም።

አንድ መፈተኛ ልስጥሽ። ቃሪያና በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ኮሪያ የገባውም ከ1592ቱ የጃፓን ወረራ ወዲህ እንደሆነ ነው በብዛት የሚታመነው። ከዚያ በፊት ባለ ዘመን የሚካሄድ ድራማ ላይ ቀይ ኪምቺ ማዕድ ላይ ካየሽ የዕቃ ሠራተኛው ተሳስቷል ማለት ነው። (ለኛም አገር ድራማ ሠሪዎች ይሠራል፤ ዘርዓ ያዕቆብን ቀይ ወጥ እንዳታበሉብን።)

ሰሎሜ_ቀ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው በ«ዴ ጃንግ ጉም» እንጀምርና ወደ ዘንዶዎቹ እናልፋለን። የከበደኝ ስም ነው። ድራማው ላይ አንድም ሰው «ሴጆንግ» ብሎ ሲጠራ አልሰማሁም፣ ዊኪፒዲያ ግን ሴጆንግ ነው የሚለው። ዪም ሊም አንድ ናቸው? ዳታውንም አደራ።

ሰብታይትል_አራሚ

«ሴጆንግ»፣ «ቴጆ»፣ «ጁንግጆንግ» የሚባሉት ስሞች ንጉሡ ከሞተ በኋላ ለመታሰቢያው የሚሰጡ ናቸው፤ በሕይወቱ ማንም አይጠራባቸውም። የኛ ነገሥታት የመንግሥት ስማቸውን ሲነግሡ ነው የሚይዙት፤ ካሳ ቴዎድሮስ፣ ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ። እነሱ ዘንድ ሲቀበሩ ነው። የስሙ መጨረሻ «ጆ» ወይም «ጆንግ» ከሆነ በሥርዓቱ የነገሠ ነው፤ «ጉን» ከሆነ ከዙፋን ተገልብጦ ወደ ልዑልነት የወረደ ነው። ዮንሳንጉን (በ1506 የወረደው) እና ጓንግሄጉን (በ1623) እንዲህ ናቸው። ርዕሱ ላይ «ጉን» ካየሽ ፍጻሜውን አወቅሽው ማለት ነው፤ ሰብታይትል ስለማያስረዳው ብዙ ሰው ያልፈዋል።

ዪ፣ ሊ፣ ኢ በኮሪያኛ አንድ ናቸው። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ዪ ባንግ-ወን ሲባል ስሙ ባንግ-ወን ነው። ወንድማማቾች አንድ ክፍለ ቃል ይጋራሉ፦ ባንግ-ወን፣ ባንግ-ሶክ፣ ባንግ-ጓ። ስለዚህ የምትይዢው ሁለተኛውን ነው።

የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ማዕረጉን ሁሉ በሁለት ቃል ይጨፈልቀዋል፤ ጆሮሽን ክፈቺ። «ጆንሃ» ካሉ ጃንሆይ ነው። «ማማ» ለንግሥትም ለልዑላንም ይሠራል። «ዴጋም» ከፍተኛ ሹም፣ «ናውሪ» ከሱ ዝቅ ያለ። «ፔሃ» ከሰማሽ ደግሞ ለንጉሠ ነገሥት ነው፤ ወይ ዘመኑ ጎርዮ ነው፣ ወይ ከ1897 በኋላ ነው፣ ወይ የቻይናው ነው የተነሣው። ሹማምንቱ በአንድ ድምፅ «ቶንግቾክሃዮ ጁሺኦፕሶሶ» እያሉ ሲደፉ እየተለማመጡ እንዳይመስልሽ፤ በጨዋ ደንብ እምቢ እያሉ ነው። ያ ጩኸት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ንጉሡ እየተሸነፈ ነው።

ባሕረ ሐሳብ የጠቀሰው ከሰውየው ጎን የሚወጣው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሰብታይትል ውስጥ አይተረጎምም። በተለይ የኬቢኤሶቹ ላይ አቁሚና ስሙን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ወረቀት ላይ ያዢ፤ አለበለዚያ አምስተኛው ክፍል ላይ ነጭ ጢም ያላቸው ስምንት ሰዎች አንድ ይሆኑብሻል።

ዳታ። ኔትፍሊክስ በዝቅተኛው ጥራት በሰዓት እስከ 0.3 ጊጋባይት፣ በመካከለኛው እስከ 0.7፣ በኤችዲ እስከ 3 ይበላል። 50 ክፍል በአማካይ አንድ አንድ ሰዓት ብንል በዝቅተኛው 15 ጊጋ፣ በመካከለኛው 35 ጊጋ ነው። ስልክ ላይ ለምታዩት ዝቅተኛው ይበቃል፤ ሰብታይትሉ በመተግበሪያው በኩል ስለሚጻፍ ምስሉ ቢደበዝዝም ይነበባል። ሰብታይትሉ ምስሉ ላይ የታተመበት ቪዲዮ (ዩቲዩብ ላይ ብዙ አለ) ግን ከ360 በታች ካወረድሽው ፊደሉ ይፈርሳል፤ እዚያ 480 ያዢ። ቴሌቪዥን ላይ ካሰራችሁት አፑ ራሱ ወደ ኤችዲ ሊወጣ ስለሚችል ጥራቱን ከአካውንቱ ቆልፊው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ካለሽ አውርደሽ መያዝ ከሁሉም ይሻላል።

የት ይገኛል ለሚለው፣ እንዳለሽበት አገር ይለያያል፤ ዛሬ ያለው በወሩ ሊነሣ ይችላል። መጀመሪያ ኔትፍሊክስና ቪኪ፣ ከዚያ ለኬቢኤሶቹ የጣቢያው የራሱ የዩቲዩብ ቻናሎች። ግለሰቦች የጫኑትን ባትጀምሪው ጥሩ ነው፤ በቅጂ መብት ይነሣና መሃል ላይ ያስቀርሻል፣ አንዳንዱም እንዳይያዝ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚጭነው።

ጡረተኛው

ጦርነት የሚወድ ካለ፣ እስካሁን ማንም ያልነካው የ1592ቱን የጃፓን ወረራ ነው። ሁለት ድራማ አለ። «ጂንግቢሮክ» (ኬቢኤስ 2015፣ 50 ክፍል) ጦርነቱን ከመንግሥቱ ጠረጴዛ ነው የሚያየው። ዋናው ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ርዩ ሶንግ-ርዮንግ ነው፤ ርዕሱም ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ «እንዲህ ተሳሳትን» ብሎ የጻፈው መጽሐፍ ስም ነው። ንጉሡ ሶንጆ ዋና ከተማውን ጥሎ ወደ ሰሜን ሲሸሽ፣ ስንቅ ሲጠፋ፣ ሊረዳ የመጣው የቻይናው የሚንግ ጦር ሌላ ዕዳ ሲሆን በደንብ ይታያል።

«ኢሞርታል አድሚራል ዪ ሱን-ሺን» (ኬቢኤስ፣ ከ2004 እስከ 2005) ደግሞ ያ 104 ክፍል ያስፈራሽ ነው። የባሕር ውጊያው ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው። ነቀፌታው ዎን ግዩን የተባለውን ተቀናቃኝ አዛዥ ከሚገባው በላይ ማክበሩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይህን አስቢ። የባሕር ኃይል አዛዡ ዪ ሱን-ሺን በ1597 ታስሮ፣ ተገርፎ፣ ተራ ወታደር ሆነ። በእሱ ቦታ የተሾመው ዎን ግዩን መላውን መርከብ አስፈጀ። ዪ ሲመለስ የቀሩት አሥራ ጥቂት መርከቦች ነበሩ፤ በ13 መርከብ ምዮንግንያንግ ላይ 133 የጃፓን መርከቦችን ገጠመ። እንዴት እንደሆነ የሚገባሽ የባሕሩን ወሽመጥ ካየሽ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ውኃውም በቀን ውስጥ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ ስለዚህ ጠላት ብዛቱን ዘርግቶ መሰለፍ አልቻለም፤ ማዕበሉ ሲዞርም የራሱ መርከቦች እርስ በርስ ተላተሙ። ሰውየው በ1598 ኖርያንግ ላይ ድል እያደረገ ሞተ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጃፓን ተሻገሩ። ወረራውን ያዘዘው ሂዴዮሺ በ1598 ሞተና ሕፃን ልጅ ተወ። የአሜሪካው «ሾገን» (ኤፍኤክስ 2024፣ 10 ክፍል) በ1600 የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው፤ «ታይኮ» እያሉ የሚያነሡት ሟች ሂዴዮሺ፣ ቶራናጋ የተባለው መስፍን ቶኩጋዋ ኢያሱ፣ እንግሊዛዊው መርከበኛ ደግሞ ዊልያም አዳምስ ነው። ስማቸው ስለተቀየረ ነው የማይታወቀው። አብዛኛው ንግግር በጃፓንኛ ነው። በዚያው ዓመት 18 ኤሚ ወስዷል፣ ይገባዋልም። ታላቁን የሴኪጋሃራ ጦርነት አያለሁ ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ 10ሩም ክፍል የሚሄደው ከጦርነቱ በፊት ባለው ቁማር ነው። እርቃንም አንገት መቁረጥም ስላለበት ሰሎሜ ከእናትሽ ጋር አይሆንም።

ሚካ_ኬ

ጋሼ እናመሰግናለን፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔ ልሙላ።

በ1636 ደግሞ በኋላ ቻይናን የገዙት ማንቹዎች መጡ። «ማይ ዲረስት» (ኤምቢሲ 2023፣ 21 ክፍል) ዋናዎቹ ጥንዶች ፈጠራ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ግን እውነት ነው። ንጉሥ ኢንጆ በናምሃን ተራራ ምሽግ ተከቦ ከርሞ በ1637 ወርዶ ለማንቹው ንጉሥ ሦስቴ ተንበርክኮ ዘጠኝ ጊዜ ግንባሩን መሬት አስነክቷል። ድራማው ከዚያ በኋላ ምርኮኞቹን ተከትሎ የማንቹዎቹ ዋና ከተማ ሼንያንግ ድረስ ይሄዳል፤ ተማርከው የተመለሱ ሴቶችን የገዛ ባሎቻቸው እንዴት እንደተቀበሏቸው ያሳያል። ፍቅሩን ፈርታችሁ አትዝለሉት።

ከዚያ ንጉሥ ጆንግጆ (ከ1776 እስከ 1800)። አባቱን ልዑል ሳዶን በ1762 አያቱ ንጉሥ ዮንግጆ የሩዝ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ በስምንት ቀን ገደለው። ይህን ልጅ እንዴት ዙፋን ላይ ታስቀምጠዋለህ? በአባትየው ሞት የተስማሙት ሹማምንት አሁንም ሥልጣን ላይ ናቸው። ስለዚህ ንጉሥ ሁለት ምርጫ አለሽ። «ዪ ሳን» (ኤምቢሲ፣ ከ2007 እስከ 2008፣ 77 ክፍል) የ«ዴ ጃንግ ጉም» ዳይሬክተር ሥራ ነው፤ ሰፊ ነው፣ የሥዕል ቤቱን፣ ነጋዴውን፣ ሴራውን ሁሉ ያካትታል፣ ግን መልካሙና ክፉው በጣም ተለይቷል። «ዘ ሬድ ስሊቭ» (ኤምቢሲ፣ ከ2021 እስከ 2022፣ 17 ክፍል) ያንኑ ንጉሥና የቤተ መንግሥት አገልጋይ የነበረችውን ሶንግ ዶክ-ኢምን ብቻ ይዞ ይጠብባል። ንጉሡ ቁባት እንድትሆነው ጠይቋት ሁለት ጊዜ እምቢ ማለቷን ራሱ ስትሞት በጻፈላት ጽሑፍ ላይ አስፍሮታል። ድራማው «ለምን እምቢ አለች?» ብሎ ነው የሚነሣው፤ ለንጉሥ ሚስት መሆን ነፃነትን ማጣት መሆኑን እንደሱ በትክክል ያሳየ አላየሁም። በቀን አንድ ክፍል ለሚል ሰው 17ቱን እመርጣለሁ።

መጨረሻ ላይ «ሚስተር ሰንሻይን» (ቲቪኤን 2018፣ 24 ክፍል)። ከ1871 የአሜሪካ ጦር ወረራ ተነሥቶ ጃፓን አገሪቱን እስክትውጥ ያለውን ነው። ዋናዎቹ ሰዎች ፈጠራ ናቸው፤ ጠመንጃ አንሥተው ጫካ የገቡት አርበኞች ግን ነበሩ። በ1907 አንድ የውጭ ጋዜጠኛ ያነሣቸው ፎቶ አለ፤ ድራማው ያንን ፎቶ አቋቋማቸውን ሳይቀር ደግሞ ሠርቶታል። ድራማውን ከማየታችሁ በፊት ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት። አንዱን ገጸ ባሕርይ በእውነት ከነበረ የጃፓን ማኅበር ጋር አያይዘውት ሕዝቡ ስለተቆጣ የማኅበሩን ስም ወደ ፈጠራ ለውጠውታል። ክፍሎቹ ረጃጅም ናቸው፣ አንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ፤ ጠቅላላውን 30 ሰዓት ያህል ብለሽ ዳታ ያዢለት።

ጎንደሬው_12

ጁሞንግን ሁላችሁም ዘለላችሁት። «ኤምፕረስ ኪ»ንም። የሕዝቡ ምርጫ እኮ እነሱ ናቸው።

ባሕረ_ሐሳብ

ጎንደሬው፣ ለመዝናናት ከሆነ ማንም አይከለክልህም። የሰሎሜ ጥያቄ ግን ታሪክ ነው። ጁሞንግ ጎጉርዮን የመሠረተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ነው ይባላል፤ ታሪኩን የሚነግረን ዋናው መጽሐፍ «ሳምጉክ ሳጊ» የተጻፈው በ1145 ነው። በመካከሉ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ አለ፤ መጽሐፉም ራሱ ሰውየው ከእንቁላል ተወለደ ይላል። ስለዚህ ድራማው የቤተ መንግሥት ውሎውን ሁሉ ከራሱ ነው ያመጣው። ደግሞም 60 ክፍል ተብሎ ተጀምሮ ተመልካች ስለበዛ ወደ 81 ተለጠጠ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተይዞ ሦስት ጊዜ የሚያመልጥበትን ቦታ ስታይ መለጠጡ ነው።

«ኤምፕረስ ኪ» (ኤምቢሲ፣ ከ2013 እስከ 2014፣ 51 ክፍል) መጀመሪያ ላይ በጭካኔውና በሴት ደፋሪነቱ የታወቀውን የጎርዮ ንጉሥ ቹንግህዬን ጀግና ሊያደርገው ነበር። ከፍተኛ ተቃውሞ ሲነሣ ገና ሳይተላለፍ ገጸ ባሕርዩን «ዋንግ ዩ» ወደሚባል በዓለም ላይ ወዳልነበረ ንጉሥ ቀየሩት። እቴጌ ኪ ራሷ እውነተኛ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ወንድ ግን ግማሹ አየር ነው። ኮሪያውያን በዚህ አይቀልዱም፤ በ2021 «ጆሶን ኤክሶርሲስት» የተባለው ድራማ በጆሶን ዘመን ታሪክ ውስጥ የቻይና ምግብና ዕቃ አስቀምጦ ማስታወቂያ ሰጪዎቹ ስለሸሹ ከሁለት ክፍል በኋላ ተሰርዟል።

ከጆሶን ቀድሞ ያለውን ዘመን የሚፈልግ «ጎርዮ-ኪታን ዋር»ን (ኬቢኤስ፣ ከ2023 እስከ 2024፣ 32 ክፍል) ይይ። ኪታኖች ከሰሜን መጥተው ጎርዮን የወረሩበት፣ ከ1009 እስከ 1019 ያለው ነው። ያንግ ግዩ የተባለው አዛዥ በጥቂት ሰው ከኋላ እየመታ በመዝገቡ መሠረት ከ30,000 በላይ ምርኮኞችን አስለቅቋል፤ በ1011 ሲወድቅ የሚያሳየው 16ኛው ክፍል ነው።

የጓዳ_ሰው

ጎርዮ-ኪታንን ስትመክር 17ኛው ላይ የሚሆነውን ለምን ሳትነግራቸው? ከዚያ ወዲያ ያለው የንጉሡና የባላባቶቹ ንትርክ ከመዝገብም ከመጽሐፉም አይደለም። ድራማው የተመሠረተበትን ልቦለድ የጻፈው ሰው ራሱ በአደባባይ ነቅፎታል።

ባሕረ_ሐሳብ

ልክ ነህ፣ መጻፍ ነበረብኝ። እስከ 16 ሳትዘሉ እዩ፤ ከዚያ ንጉሡ በፈረስ እየጋለበ ከሠረገላ ጋር የሚላተምበትንና በዙሪያው ያለውን ማለፍ ይቻላል፤ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ ተመለሱ። ጋንግ ጋም-ቻን የሚባል ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው ግዊጁ ላይ በ1019 የኪታንን ጦር የፈጀው፣ የሚጫወተውም ቼ ሱ-ጆንግ ነው። ሰሎሜ፣ ይሄኛው ሰብታይትል_አራሚ ያለው ወረቀት በጣም የሚያስፈልግበት ነው፤ በሁለቱም ወገን ጄኔራሎች ስላሉ የኪታኖቹን በሌላ ዓምድ ጻፊ።